ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ጾም የእናቴን የጉልበት ሕመም ያስታግሳል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን ዶክተር። የምጽፍልዎ ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ነው። እናቴ 62 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ካመማት አራት ዓመት አልፎታል፤ ጠዋት ስትነሳና ስትሰግድ ይብስባታል። የደም ግፊት ኪኒንም ትወስዳለች። ባለፈው ረመዳን ከቀትር በኋላ ሕመሙ ቀለል እንደሚላት አስተዋለችና ሰኞና ሐሙስ መጾም ጀመረች። በቅርቡ ደግሞ ወንድሜ አንድ የአንጎል ተመራማሪ ‹የረሃብ ሕዋሳት ሕመምን ያጠፋሉ› ማለቱን ከሬዲዮ ሰምቶ ነገራት። አሁን በሳምንት አምስት ቀን የምትበላው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልብሷ ሁሉ ሰፍቷታል። ሲብስባት ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ዳይክሎፌናክ በባዶ ሆዷ ትውጣለች። የተባለው እውነት ነው? እንዲህ ብትቀጥልስ ጉዳት አለው?»

መልስ፦ ከኋለኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ለነገ የሚባል አይደለምና። እናትዎ ሐኪም እስኪያያቸው ድረስ ዳይክሎፌናክ መዋጥ ያቁሙ። ይህ መድኃኒት ሕመምን የሚያስታግሰው እብጠትና ትኩሳት የሚያመጡትን ንጥረ ነገሮች በመቀነስ ነው፤ ነገር ግን እነዚያው ንጥረ ነገሮች የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይጠብቃሉ፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም ያመጣጥናሉ። ስለዚህ ጉዳቱ ኪኒኑ ጨጓራን በመንካቱ ብቻ የሚመጣ ስላልሆነ፣ ምግብ ቢበሉበትም አደጋው ሙሉ በሙሉ አይወገድም። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የጨጓራ ቁስል ምንም ሳያም ሊደማ ይችላል፤ የመጀመሪያው ምልክት እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ዳይክሎፌናክ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። እንደ ኢናላፕሪል ካሉ የግፊት መድኃኒቶችና ሽንት ከሚያሸኑ ኪኒኖች ጋር ተደርቦ፣ በዚያ ላይ ሰውነት ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳያገኝ ሲቀር፣ ኩላሊትን በድንገት ሊያውክ ይችላል። እናትዎ እነዚህን ሁሉ ነገሮች ሳያውቁት በአንድ ላይ ነው የያዟቸው።

ወንድምዎ የሰሙት ምርምር ግን ከየትም የመጣ ወሬ አይደለም። በአሜሪካ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት የነርቭ ሳይንቲስት ኒኮላስ ቤትሊ እና አምበር አልሃዴፍን ጨምሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ሴል በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት ነው። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ አንድ እንስሳ በአንድ ጊዜ ቢራብም ቢያመውም አንጎሉ ለየትኛው ያደላል? አይጦችን ለ24 ሰዓት ምግብ ከለከሏቸውና በእግራቸው ላይ ሕመም የሚፈጥር ኬሚካል ወጉ። የተራቡት አይጦች በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚመጣው ስለታም ሕመም እንደ ጠገቡት ሁሉ ተሰማቸው፤ ከዚያ የሚከተለው፣ ከእብጠት ጋር የሚመጣውና የሚቆየው ሕመም ግን በእጅጉ ቀነሰላቸው። የመቀነሱም መጠን ከሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ጋር የሚወዳደር ነበር። ስለታሙ ሕመም አለመደንዘዙ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ይመስለኛል፤ የተራበ እንስሳ ከእሳት እጁን መሰብሰብ አለበት፣ ነገር ግን ያበጠ እግሩን እያስታመመ ከተኛ ምግብ ፍለጋ አይወጣምና።

ይህን የሚያደርጉት ሕዋሳት ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል የሚገኙ፣ በአጭር ስማቸው ኤጂአርፒ የሚባሉ የነርቭ ሕዋሳት ናቸው። የጠገበች አይጥ እንኳ እነዚህ ሕዋሳት ቢቀሰቀሱባት በደቂቃዎች ውስጥ መብላት ትጀምራለች። ተመራማሪዎቹ ከእነዚህ ሕዋሳት የሚወጡትን የነርቭ መስመሮች አንድ በአንድ ሲፈትሹ፣ ሕመሙን የሚያበርደው ወደ አንጎል ግንድ፣ ፓራብራኪያል ኒውክሊየስ ወደሚባለው ስፍራ የሚወርደው መስመር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ወደ 300 የሚጠጉ ሕዋሳት ብቻ ያሉት መስመር ነው። እዚያ የሚለቁት ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሚቀበለው አካል በመድኃኒት ሲዘጋ ረሃብ ሕመምን ማስታገሱ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2025 ይኸው ቡድን ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጣው ሥራ ረሃብ ብቻ ሳይሆን ጥምና ፍርሃትም በዚያው ስፍራ በኩል የሚቆይ ሕመምን እንደሚያዳክሙ አሳይቷል።

እንግዲህ ይህ ለእናትዎ ምን ማለት ነው? በመጀመሪያ፣ ጥናቶቹ የተሠሩት በአይጦች ላይ ነው። አይጥ ትንሽ ፍጥረት ስለሆነች 24 ሰዓት ያለ ምግብ መቆየት ለእርሷ ሰው አንድ ቀን ከሚጾመው እጅግ የከበደ ነው፤ ከሱሑር እስከ ኢፍጣር ያለው ጾም ከዚያ ጋር አይመሳሰልም። ሁለተኛ፣ የተመራማሪዎቹ ዓላማ ሕሙማንን ማስራብ ሳይሆን፣ ረሃብ የሚከፍተውን በር ያለ ረሃብ የሚከፍት መድኃኒት ማግኘት ነው፤ እንደ ሞርፊን ሱስ የማያስይዝ የሕመም ማስታገሻ ከዚህ ሊወጣ ይችላል ብዬ እኔም ተስፋ አደርጋለሁ። ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም ይከብዳል፦ በእነዚያ አይጦች ላይ የተዳከመው የሕመሙ ስሜት ነው እንጂ ሕመሙን ያመጣው ጉዳት አይደለም።

እናትዎ ከሰዓት በኋላ ቀለል የሚላቸው ደግሞ በረሃብ ሕዋሳት ብቻ ላይሆን ይችላል። በጾም ቀን ሰው ሥራ ይቀንሳል፣ ጋደም ይላል፣ ውኃና እንጨት መሸከሙንም ለሌላ ይተዋል። የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ደግሞ ጠዋት ሲተሳሰርና ትንሽ ሲንቀሳቀሱ ሲፍታታ የተለመደ ነው። ክብደት መቀነስም ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ውፍረት ላለበት ሰው አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሳል። ነገር ግን በቀን አንዴ ብቻ እየበሉ የሚከሱ አረጋዊት የሚያጡት ስብ ብቻ አይደለም፤ ጉልበትን ደግፎ የሚይዘውን የጭን ጡንቻም ያጣሉ። ያ ከሄደ ሕመሙ ቆይቶ ብሶ ይመለሳል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እናትዎ በ1966 ዓ.ም. ልጅ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ወጣት ነበሩ። ወሎ ውስጥ «ረሃብ መድኃኒት ነው» የሚል ቃል ለእነዚያ የረሃብ ዓመታት ሰዎች ሲነገር እንደ ማንኛውም የጤና ምክር ሊወሰድ አይገባም። ጾማቸውን እያከበርኩ የምነግራቸው ይህ ነው፦ ጾም ለአላህ ነው፤ ለጉልበት ሲሉ ተጨማሪ ቀናት መራብ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እርሱን ይተዉት። ሰኞና ሐሙስን መቀጠል ከፈለጉም ሐኪም ግፊታቸውንና ኩላሊታቸውን አይቶ፣ የግፊት ኪኒኑንም ሰዓት ከሱሑርና ከኢፍጣር ጋር አስማምቶላቸው ይሁን።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ መውሰድ ይችላሉ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከስድስት ፍሬ አይለፍ፣ እርሳቸው ስለከሱ መጠኑን ለማሳነስ ሐኪማቸው ይወስን። ከኪኒን ይልቅ ደግሞ የጭን ጡንቻን ማጠንከር ለብዙዎች ዘላቂ ጥቅም አለው። ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ይዘርጉ፣ እስከ አምስት ቆጥረው ያውርዱ፤ ይህንን በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ ይድገሙት። በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ሊያምም ይችላል፣ ለውጡ የሚታየው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነውና እንዳይተዉት ያበረታቷቸው። ከዘራ ቢይዙ ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒ እጅ ይሁን። ቡና ሲያፈሉ ዝቅ ያለው በርጩማ ይቅርና ከፍ ያለ ወንበር ይቅረብላቸው፤ ወዳጃ (የዱዓ ስብስብ) ላይም ቢሆን ለረጅም ሰዓት እግር አጥፎ መሬት ላይ መቀመጥ ለዚህ ጉልበት ከባድ ነው። የሚያምመው ሰው ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ እንደሚችል ሼኻቸው ቢነግሯቸው ከእኔ ይልቅ ይሰሟቸዋል።

ጉልበቱ ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ዓይነ ምድራቸው ከጠቆረ፣ ሽንታቸው ከቀነሰ ወይም ሲቆሙ ራሳቸውን ካዞራቸው ቀን ሳይቆጥሩ ሐይቅ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው፤ ከዚያ አስፈላጊ ከሆነ ወደ ደሴ ይልኳቸዋል። ምንም ባይታይባቸውም በዚህ ሳምንት ግፊታቸው ይለካ፣ የኩላሊትና የደም ማነስ ምርመራ ይደረግላቸው፣ ክብደታቸውም ይመዘገብ። ሲሄዱ የግፊቱን ኪኒንና የዳይክሎፌናኩን ማሸጊያ ሁለቱንም ይዘው ይሂዱ፤ በቀን ስንት ፍሬ እንደዋጡም ከእርሳቸው ጠይቀው ወረቀት ላይ ይጻፉት።