በሰዓት ስንት ሳይሆን በእጅ ስንት

አሜሪካ አዲስ የገባ ወገን ሥራ ሲይዝ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በሰዓት ስንት ነው?» ተብሎ ነው። «18 ዶላር» ይላል። ማታ አልጋው ላይ ሆኖ 18ን በ40 ሰዓት፣ ውጤቱን በአራት ሳምንት ያባዛና 2,880 ዶላር ሲያገኝ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። በማግስቱ ወደ አገር ቤት ይደውልና ለእናቱ ይህን ያህል፣ ለእህቱ ትምህርት ያን ያህል እያለ ቃል ይገባል። ገንዘቡ ግን በዚያ መጠን እጁ አይገባም። እኔም በገባሁ ሰሞን ያደረግሁት ይህንኑ ነበርና በማንም አልፈርድም።

የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀታችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና መስመር በመስመር አንብቡት። በሁለት ሳምንት 80 ሰዓት የሠራ ሰው ከላይ የሚያየው 1,440 ዶላር ነው። ከዚያ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታ) 6.2 በመቶ፣ ለሜዲኬር (ለአረጋውያን ሕክምና) 1.45 በመቶ ይነሣል፤ ሁለቱ በአንድ ላይ 110 ዶላር ገደማ ናቸው። ቀጥሎ የፌዴራል የገቢ ግብር አለ። ላጤ ለሆነና ሌላ ገቢ ለሌለው ሰው በ2025 ደንብ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ 90 ዶላር ይጠጋል። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ኔቫዳ ወይም ዋሽንግተን ስቴት የምትኖሩ ከደመወዛችሁ የስቴት ግብር አይቆረጥም፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ሚኒሶታ ያላችሁ ግን ይቆረጥባችኋል። የጤና መድን ሲጨመርበት 1,440 የነበረው 1,100 አካባቢ ላይ ያርፋል። በጀት የሚሠራው በዚህ በመጨረሻው ቁጥር ነው። የቤት ኪራይ ስትዋዋሉም ሆነ ለዘመድ ቃል ስትገቡ የላይኛውን ቁጥር እርሱት።

የፌዴራሉ ግብር ምን ያህል እንደሚቆረጥ የሚወስነው ሥራ ስትጀምሩ የሞላችሁት ደብልዩ ፎር የተባለ ቅጽ ነው። አብዛኞቻችን ቢሮው ውስጥ ቆመን፣ ጎናችን ያለውን ሰው እያየን ነው የሞላነው። በዚህ ምክንያት በያመቱ ሦስት ሺህ፣ አራት ሺህ ዶላር የግብር ተመላሽ እያገኘ መንግሥትን የሚመርቅ ብዙ ሰው አለ። ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የሚሰጡትን ድጋፎች ለይተን ካየን፣ ተመላሹ በየሁለት ሳምንቱ ከራሳችሁ ኪስ በትርፍ የተወሰደ፣ ያለ ወለድ ያበደራችሁት ገንዘብ ነው። በዚያው ዓመት የክሬዲት ካርድ ዕዳ ላይ ከ20 በመቶ በላይ ወለድ ስትከፍሉ ከነበረ ደግሞ ኪሳራው እጥፍ ነው። ቅጹን በማንኛውም ጊዜ እንደገና መሙላት ይቻላል።

በቡና ሰዓት የማይጠፋ አንድ ወሬ አለ፦ «ትርፍ ሰዓት ብሠራ ታክሱ ይበላዋል፤ ከፍ ያለ እርከን ውስጥ ይከተኛል»። ይህን ብለው ሥራ የመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። የግብር እርከን እንደ ደረጃ ነው፤ ላይኛው ደረጃ ላይ ስትወጡ ታችኞቹ አይፈርሱም። በ2025 ለላጤ ሰው መጀመሪያ 15,750 ዶላር ከግብር ነጻ ይቀነሳል። ከቀረው ላይ እስከ 11,925 ድረስ 10 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 48,475 ድረስ 12 በመቶ ይከፈላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ወደ 22 በመቶ ይገባል። አንድ ሺህ ዶላር ጣሪያውን ቢያልፍ 22 በመቶ የሚከፈለው በዚያች አንድ ሺህ ላይ ብቻ ነው፤ የታችኛው ገንዘብ አይነካም። እርግጥ ወሬው ጨርሶ ከባዶ አልተነሣም። በገቢ ልክ የሚሰጥ የሕክምና ወይም የሕፃናት መዋያ ድጋፍ ያላችሁ ሰዎች ገደቡን ስታልፉ ድጋፉ ሊቋረጥባችሁ ይችላል። እሱን አስቀድማችሁ አስሉ። በታክሱ ግን አታሳብቡ።

አሁን ወደ እኔ ቁስል ልምጣ። በሦስተኛው ዓመቴ የቀን ሥራዬን ትቼ መኪና መንዳት ጀመርኩ። ገንዘቡ በየሳምንቱ ምንም ሳይቆረጥበት ይገባል፤ ደስ ይላል። የሚቆርጥ አሠሪ አለመኖሩ ግን ግብር አለመኖሩን አያሳይም። በራሱ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሠራተኛውንም የአሠሪውንም ድርሻ ስለሚከፍል 15.3 በመቶ ይደርስበታል። ከወጪ በኋላ 30,000 ዶላር የተረፈው ሰው ለዚህ ብቻ ወደ 4,240 ዶላር አለበት፤ የገቢ ግብሩ ገና አልተቆጠረም። ይህን የሰማሁት ማርች መጨረሻ ላይ፣ ታክስ ልትሠራልኝ የተቀመጠች ሴት ፊት ነበር። «የነዳህበትን ማይል መዝግበሃል?» አለችኝ። አልመዘገብሁም። «ለዓመቱ ምን ያህል አስቀምጠሃል?» ምንም።

ቀጥሎ የሠራሁት ስህተት ከመጀመሪያው ባሰ፤ መክፈል ስላልቻልሁ የዓመቱን የግብር ማሳወቂያ ወረቀት ሳላስገባ ደበቅሁት። ባለማስገባት የሚጣለው ቅጣት ካልተከፈለው ግብር ላይ በወር 5 በመቶ ነው፤ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። አስገብቶ ያልከፈለ ሰው ግን በወር ግማሽ በመቶ ነው የሚቀጣው። ገንዘብ ባይኖራችሁም ወረቀቱን እስከ ኤፕሪል 15 አስገቡ፤ በየወሩ ለመክፈል ከአይ አር ኤስ (ከፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ጋር መስማማት ይቻላል። እስከ ኦክቶበር የሚሰጠው ማራዘሚያም ወረቀቱን ለማስገባት እንጂ ለመክፈል አይደለም።

ከዚያ ወዲህ መኪናዬ በር ኪስ ውስጥ እርሳስ በክር የታሰረበት ደብተር አለ። ቀን፣ ከየት ወዴት፣ ሲነሣ ስንት፣ ሲቆም ስንት። በ2025 ለሥራ ለተነዳ እያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ከገቢ ይቀነሳል፤ 25,000 ማይል የነዳ ሰው 17,500 ዶላር ግብር የማይከፈልበት ወጪ አለው ማለት ነው። በማይል ያሰላ ሰው ቤንዚንና ጥገናን ደግሞ መቀነስ አይችልም፤ የመንገድና የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ግን ለብቻው ይያዝለታል። ከገባው ገንዘብ ላይ ደግሞ ሩቡን የባንክ ካርድ ወደሌለው ሒሳብ አሻግራለሁ። በራሱ የሚሠራ ሰው የግብር ክፍያ በዓመት አራት ጊዜ ነው፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15።

«በጥሬ ገንዘብ ይሻለኛል፣ ምንም አይቆረጥብኝም» የምትሉ ደግሞ ይህን ስሙ። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ ያስፈልጋል፤ በዓመት ከአራት በላይ ስለማይሰጥ ቢያንስ የአሥር ዓመት የተመዘገበ ሥራ ነው። ሃያ ዓመት ወገባቸውን ይዘው የሠሩ፣ ነገር ግን የመዝገቡ ገጽ ባዶ የሆነባቸው እናቶችን አይቻለሁ። የተቆረጠላችሁን ለማየት በሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ የራሳችሁን መዝገብ ክፈቱ፤ አሠሪ ያላስመዘገበው ዓመት ካለ ቶሎ ይታወቃል።

በጀቱ ውስጥ የእኛን ሰው የሚጥለው የአገር ቤት መስመር ነው። ኪራይ፣ መብራት፣ ስልክ ሁሉ ይጻፋል፤ ወደ ቤተሰብ የሚላከው ግን «እንደ አጋጣሚ» ተብሎ ይቀራል። አጋጣሚው በየወሩ ሲመጣ እንዴት አጋጣሚ ይባላል? እኔ ለሦስት ከፍዬዋለሁ። አንደኛው በየወሩ በአንድ ቀን የሚሄድ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው፤ የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ገና፣ ፋሲካ። የዓመቱን ድምር ለ12 አካፍዬ በየወሩ አስቀምጣለሁ። ሦስተኛው በሌሊት ለሚጠራው ስልክ ነው፤ አዲስ አበባ ሲነጋ እዚህ እኩለ ሌሊት ነውና ያ ስልክ ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ለእሱ ለብቻው የተቀመጠ ገንዘብ ከሌለ ክሬዲት ካርድ ላይ ይወድቃል።

መጠኑንም በብር ሳይሆን በዶላር ወስኑ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (ይህ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ከ100 ብር አልፏል፤ እናንተ ደመወዝ የምትቀበሉት ግን በዶላር ነው። ቁጥሩን ለቤተሰብ በግልጽ ተናገሩ። የመጀመሪያው ወር ቅሬታ አለው፤ እኔም ታናሽ ወንድሜ ሁለት ሳምንት አኩርፎኝ ነበር። አሁን ግን ከሚላክለት ላይ የቤቱን ወጪ በወረቀት ጽፎ የሚከፋፍለው እሱ ነው። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር ተከፍሎ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ አንድ በመቶ ግብር አለ። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም ከባንክ ካርድ የሚላከው ይህ አይነካውም።

እቁብ ጥሩ ነው፤ እጅ ያስይዛል። የሚደርሳችሁ የራሳችሁ ገንዘብ ስለሆነ እንደ ገቢ አይቆጠርም፤ በጀት ላይም ከቁጠባ ጎን ጻፉት። ነገር ግን ወለድ የለውም፣ ዳኛው ቢጠፋም የሚከሰስ ባንክ የለም። ስለዚህ የሦስት ወር ወጪያችሁ መድን ባለው የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። አሠሪያችሁ ለጡረታ በምታስቀምጡት ላይ የሚጨምር ከሆነ ደግሞ እስከሚጨምርበት ድረስ አስቀምጡ፤ ሌላ ቦታ እንደዚያ ያለ ትርፍ አይገኝም።

ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው በተመላሹ መጠን አትምረጡ። ከፍ ያለ ቁጥር ለማምጣት የሌለ ንግድ ወይም የሌለ ልጅ የሚጽፉ አሉ፤ ቅጹ ላይ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ፣ ተጠያቂዎቹም እናንተ። ለሥራው ገንዘብ ተቀብሎ ስሙን ለመፈረም እምቢ ካለ ተነሥታችሁ ውጡ። አገር ቤት ያሉ እናትና አባታችሁን በጥገኛ ስም ማስመዝገብም አይቻልም፤ የአሜሪካ ዜጋ ካልሆኑ፣ ነዋሪነታቸው እዚህ፣ በካናዳ ወይም በሜክሲኮ መሆን አለበት። የምትልኩላቸው ገንዘብም ከግብር አይቀነስም። መራራ ነው፤ ሕጉ ግን እንዲሁ ነው።

አዲስ አበባ ቤት አከራይታችሁ ከሆነ ኪራዩን እዚህም ማሳወቅ አለባችሁ፤ ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ሰው ከዓለም ዙሪያ ያገኘውን ገቢ ሁሉ ያስመዘግባል። እዚያ የከፈላችሁት የገቢ ግብር እዚህ ካለባችሁ ላይ እንዲታሰብላችሁ ደረሰኙን ያዙ። ከአሜሪካ ውጭ ያሏችሁ የባንክ ሒሳቦች፣ የዲያስፖራ ሒሳብን ጨምሮ፣ በዓመቱ ውስጥ በአንዲት ቀን እንኳ ድምራቸው ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የተባለ የተለየ ማሳወቂያ ይገባል። ከግብር ቅጹ ጋር አይያያዝም፤ በኢንተርኔት ለብቻው ይላካል። የሚከፈልበት ነገር የለም፤ ቅጣቱ ግን ከባድ ነው። እኔ ከዚያ ከመኪናው ደብተር ኋላ ሽፋን ላይ በየወሩ መጨረሻ የአገር ቤቱን ሒሳብ ቀሪ እጽፋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።