ደማቁን ቀለም ልግዛ ወይስ ብልጭ ድርግም የሚለውን?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍላችሁ ከኮዬ ፈጬ ነው፣ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ውጭ አገር ያለ ላብ የሴል ናሙናዬን በስቶርም፣ ማለትም ተራ ማይክሮስኮፕ የማይለየውን ጥቃቅን ነገር በሚያሳይ ማይክሮስኮፕ፣ ሊያነሳልኝ ተስማምቷል፣ ማቅለሙን ግን እዚሁ ጨርሼ ነው የምልከው። ማይክሮቱቡል (የሴሉን ቀጫጭን ቱቦዎች) እና ማይቶኮንድሪያ (የሴሉን ኃይል ማመንጫ) ነው የማየው፣ ሁለት ቀለም ያስፈልገኛል። እስካሁን የምሰራበት አሌክሳ 488 የሚባለው ቀለም በጣም ደማቅ ነው፣ በሱ ልቀጥል? ከተሳሳትኩ ድጋሚ መግዣ ብር የለኝም።

መልስ፦ እህቴ እንኳን ሳትገዢ ጠየቅሽ፣ ምክንያቱም ለስቶርም ድምቀት ብቻውን ምንም አያደርግልሽም። ማታ ከቱሉ ዲምቱ በኩል ስትመጪ ኮንዶሚኒየሙን ከሩቅ ስታዪው መስኮቱ ሁሉ በርቶ አንድ የብርሃን ክምር ነው የሚመስለው፣ ግን መብራቶቹ በየተራ አንድ አንድ እያሉ ብልጭ ቢሉልሽ የእያንዳንዱን መስኮት መሀል ነጥብ እያደረግሽ ህንፃውን በሙሉ ትስይዋለሽ። የፊዚክስ ሊቁ አቤ በ1873 ያስቀመጠው፣ ተራ ማይክሮስኮፕ ከሱ በታች ያለውን ለይቶ የማያሳይበት የ200 ናኖሜትር ገደማ ወሰን በስቶርም የሚታለፈውም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ የምትፈልጊው አብዛኛውን ጊዜ ጨልሞ የሚቆይ፣ ሲበራ ደግሞ ብዙ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) የሚሰጥ ቀለም ነው፣ ፎቶኑ አራት እጥፍ ሲሆን የቦታ ስህተቱ በግማሽ ይቀንሳል።

አሌክሳ 647 በዚህ የሚስተካከለው ጥቂት ነው፣ የሚበራው ከጊዜው አንድ ሺህኛ ያህሉን ብቻ ሲሆን በአንድ ብልጭታ በሺዎች የሚቆጠር ፎቶን ይሰጣል። 488 ፎቶኑ ያነሰ ነው፣ በርቶ የሚቆይበት ጊዜም ይበዛል፣ መስኮቶቹ ይደባለቁብሻል። 647ን የጥናትሽ ዋና ጉዳይ ለሆነው አድርጊው፣ ለሁለተኛው ሳይ3ቢ የሚባለው ቀለም ጥሩ ነው።

አንድ ነገር አደራ፣ ቀለሙ በራሱ ብልጭ አይልም፣ ቲዮል የሚባል የሰልፈር ውህድ ያለበትና ኦክስጅን የሚያስወግድ ባፈር (ናሙናው የሚቀመጥበት ፈሳሽ) ይፈልጋል፣ እሱን የሚያነሱልሽ የላቡ ሰዎች በዕለቱ ይቀምሙታል ምክንያቱም ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ያለበት ባፈር በሰዓታት ውስጥ አሲድ እየሆነ ይሄዳል። አንቺ ስላይዱን በሚደርቅ ማሸጊያ እንዳታሽጊው! እኔ እንደ ልማዴ አሽጌ ልኬ ቀለሙ እንዳለ ፈዞ ቀረ፣ የሁለት ወር ስራ ነው የሄደብኝ። በፒቢኤስ (በጨው ባፈር) ውስጥ አድርጊና በፎይል ጠቅልለሽ ላኪው።

ቀለሙን ከፕሮቲኑ ጋር የሚያያይዘው አንቲቦዲም ራሱ ቦታ ይይዛል፣ አንደኛውና ሁለተኛው ሲደራረቡ ቀለሙን ከፕሮቲኑ 20 ናኖሜትር ገደማ ሊያርቁት ይችላሉ፣ ማይክሮቱቡል ራሱ ውፍረቱ 25 ነው እንግዲህ፣ ወፍሮ ቢታይሽ አትደንግጪ።

ብሩን ከመክፈልሽ በፊት ግን ኢሜይል ጽፈሽ ምን ምን ሌዘር እንዳላቸው ጠይቂ፣ ለሳይ3ቢ 561 ናኖሜትር አካባቢ ያስፈልጋል። ማሽኑ ስቴድ (በሌላ መንገድ ወሰኑን የሚያልፍ ማይክሮስኮፕ) ነው ካሉሽ ደግሞ ይሄን ሁሉ ተይውና ብርቱ ሌዘር የሚችል እንደ አቶ 647ኤን ያለ ቀለም ፈልጊ፣ እዚያ ብልጭታ አይፈለግም።