በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ መተኮስ ለመጀመር፦ ለቀረበው ጥያቄ መልስ

የመጀመሪያዎን በአፈሙዝ የሚጎርስ ባለ 50 ካሊበር (የበርሜሉ ቀዳዳ ግማሽ ኢንች የሆነ) ጠመንጃ ሊገዙ አስበው ሦስት ነገር ጠይቀዋል፦ ባለ ከብሱኑ (ሲመታ በሚነድ ትንሽ የመዳብ ቆብ የሚለኮሰው) ይሻላል ወይስ ባለ ባልጩቱ (በድንጋይ ብልጭታ የሚለኮሰው)፣ ጥቁሩ ባሩድ ምን ያህል ይሁን፣ ጽዳቱስ እንደሚወራው አስመራሪ ነው ወይ የሚሉ ናቸው። በዚህ ዓይነት ጠመንጃ መተኮስ ከጀመርሁ ብዙ ዓመታት ስላለፉ፣ ከሚሠሩት ስህተቶችም አብዛኛውን በገዛ እጄ ስለሠራሁ፣ ወደ ጥያቄዎችዎ ከመግባቴ በፊት ያልጠየቁትን አንድ ነገር አስቀድማለሁ።

በዘመናዊ ጠመንጃ የባሩዱ መጠን በፋብሪካ ተለክቶ በቀለህ ውስጥ ስለሚታሸግ ተኳሹ የሚቀረው አነጣጥሮ ምላጩን መሳብ ብቻ ነው። በዚህኛው ግን እያንዳንዱን ጥይት የሚሠሩት እርስዎ ነዎት፤ ባሩዱን ይሰፍራሉ፣ አረሩን ያወርዳሉ፣ መለኮሻውን ያኖራሉ፣ ከእነዚህ አንዱ ቢዘለል ወይም ቢደገም ደግሞ የሚያስታውስዎ ማንም የለም። ስለዚህ ከማነጣጠር ችሎታ በፊት የሚለመደው ቅደም ተከተል ነው፤ በምታጎርሱበት ጊዜ ወሬ የሚያወራችሁን ወዳጅ ዝም በል ማለትም የዚሁ ትምህርት ክፍል ነው።

ባሩዱን በተመለከተ የማይታለፍ ክልከላ አለ። በዚህ ጠመንጃ ውስጥ በዘመናዊ ጥይት የሚገባው ጭስ አልባ ባሩድ በጭራሽ አይገባም፤ ጥቂትም ቢሆን፣ ከጥቁሩ ጋር ተደባልቆም ቢሆን አይገባም። በመስፈሪያ ሲታይ መጠኑ እኩል ቢመስልም የሚፈጥረው ግፊት በርሜሉ ሊሸከመው ከሚችለው እጅግ ስለሚበልጥ፣ በርሜሉ ግራ እጅዎና ፊትዎ ባሉበት ቦታ ይፈነዳል። ምልክት የሌለው ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ ባሩድ፣ የሰጠዎት ሰው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ አይጠቀሙበት። ፓይሮዴክስን የመሳሰሉት የጥቁር ባሩድ ምትኮች ለባለ ከብሱኑ ጠመንጃ ይሆናሉ፤ ነገር ግን ከጥቁሩ ይልቅ ለመቀጣጠል ስለሚያስቸግሩ ባልጩቱ በሚሰጠው ደካማ ብልጭታ ብዙ ጊዜ ይከሽፋሉ።

ከዚህም የተነሣ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ ባለ ከብሱኑን ይግዙ የሚል ነው። በባለ ባልጩቱ ድንጋዩ ብረቱን ይገጨዋል፣ ብልጭታው ትንሿ ሳህን ላይ ያለውን ደቃቅ ባሩድ ያቀጣጥላል፣ እሳቱም በጎን ቀዳዳ ገብቶ ዋናውን ባሩድ ያገኘዋል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን በጥቂቱም ቢሆን መዘግየት አለ፣ ጀማሪም በዚያች ቅጽበት ፊቱ ላይ እሳት ሲያይ ይደነግጥና ጠመንጃውን ያነቃንቃል። መዘግየቱና ብልጭታው የጥንቱንም አዳኞች ያስመርር ነበር። አሌክሳንደር ፎርሳይዝ የተባለ የስኮትላንድ ቄስ ወፎቹ ብልጭታውን አይተው እያመለጡበት ቢቸገር፣ ሲመታ በሚነድ ኬሚካል የሚተኮስ ስልት ፈልስፎ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1807 የባለቤትነት መብት አወጣበት፤ የመዳብ ቆብ የመሰለው ከብሱን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባልጩቱ የራሱ ውበት አለው፣ እኔም ዛሬ ከሌላው ይልቅ የምወደው እርሱን ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛ ጠመንጃዎ ይሁን።

ሲገዙ የበርሜሉን የውስጥ ቦይ ጥምዝ ይጠይቁ። በ48 ወይም በ66 ኢንች አንድ ዙር የሚዞር ቦይ በእራፊ ለሚጠቀለል ድብልብል አረር ይስማማል፤ በ28 ኢንች አንድ ዙር የሚዞረው ደግሞ ለሾጣጣ አረር የተሠራ ነው። ይህን ሳይጠይቁ ገዝተው «ጠመንጃዬ አያነጣጥርም» የሚሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

የባሩዱ መጠን የሚለካው በግሬን ሲሆን አንድ ግሬን 0.065 ግራም ያህል ነው። የባሩዱ የፍሬ መጠን በ«ኤፍ» ፊደል ብዛት ይገለጻል፤ ፊደሉ ሲበዛ ፍሬው ይደቃል፣ የደቀቀውም ፈጥኖ ይነድዳል። ለ50 ካሊበር ሁለት ኤፍ የተለመደ ነው። ከ50 ግሬን ጀምረው በ50 ሜትር ርቀት አምስት አምስት ጥይት ይተኩሱ፣ ከዚያ አምስት ግሬን እየጨመሩ ቀዳዳዎቹ በኢላማው ላይ የሚሰበሰቡበትን መጠን ይፈልጉ፤ የጠመንጃው አምራች በመመሪያው ላይ ካስቀመጠው ጣሪያ ግን አይለፉ። ለኢላማ ልምምድ ከ70 ግሬን በላይ ያስፈለገኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ብዙ ባሩድ ብዙ ጭስና የታመመ ትከሻ እንጂ የተሻለ ኢላማ አያመጣም። አረሩ ከንጹሕ፣ ለስላሳ እርሳስ የተሠራ፣ ውፍረቱም 0.490 ኢንች፣ ማለትም 12.45 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ጅምር ነው፤ በእርሱና በበርሜሉ መካከል ያለውን ክፍተት 0.015 ኢንች ያህል ውፍረት ያለው የጥጥ እራፊ ይሞላዋል። እራፊው በአትክልት ወይም በእንስሳት ቅባት ይቀባ፤ የሞተር ዘይትን የመሰለ ቅባት ከባሩዱ ጥላሸት ጋር ሲቃጠል እንደ ሬንጅ ይሆናል።

አሁን ወደ ማጉረሱ እንምጣ። አስቀድሞ መጠቅጠቂያ ዘንጉን ወደ ባዶው በርሜል እስከ መጨረሻው ያስገቡና በአፈሙዙ ጫፍ ትይዩ ምልክት ያድርጉበት፤ በኋላም ባሩዱና አረሩ በትክክል ከተቀመጡ ሁለተኛ ምልክት ይጨምሩ። እነዚህ ሁለት መሥመሮች በርሜሉ ባዶ መሆኑንና በትክክል መጉረሱን ሳያዩ ይነግሩዎታል። ከዚያ በማከማቻ ጊዜ የተቀባውን ዘይት በደረቅ እራፊ ይጥረጉ፣ ሳያጎርሱም አንድ ከብሱን አኑረው አፈሙዙን ወደ አንዲት የሣር ቅጠል አስጠግተው ይተኩሱ፤ ቅጠሏ ከተንቀሳቀሰች የእሳቱ መተላለፊያ ክፍት ነው።

ባሩዱን ከሚያዝበት ቀንድ ወይም ቆርቆሮ በቀጥታ ወደ በርሜሉ ማፍሰስ ክልክል ነው። ከቀደመው ጥይት የተረፈ ፍም በርሜሉ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ በመስፈሪያ ያፈሰሰ ሰው ቢቀጣጠልበት የሚነድደው የአንድ ጥይት ባሩድ ነው፤ በቀንዱ ያፈሰሰ ሰው ግን እጁ ላይ ቦምብ ይዟል። ባሩዱ ከገባ በኋላ የተቀባውን እራፊ በአፈሙዙ ላይ ያንጥፉ፣ አረሩን በላዩ አኑረው በአጭሩ ማስጀመሪያ (አረሩን ወደ አፈሙዙ በሚገፋው አጭር በትር) ያስገቡት፣ ቀጥሎም ዘንጉን ለአፈሙዙ ቀረብ አድርገው እየያዙ በአንድ ጊዜ አንድ ስንዝር ያህል ይግፉት። ከላይ ጫፉ ላይ ይዞ መግፋት ዘንጉን ይሰብረዋል፣ የተሰበረ እንጨትም መዳፍ ይበሳል። ፊትዎና ደረትዎ ከአፈሙዙ አቅጣጫ የራቁ ይሁኑ።

አረሩ በባሩዱ ላይ ተጭኖ መቀመጡ ግዴታ ነው፤ በመካከላቸው ክፍተት ካለ አረሩ እንደ ቡሽ ሆኖ በርሜሉን ሊያሳብጠው ወይም ሊያፈነዳው ይችላል። አንድ ቀን ጥላሸቱን ሳልጠርግ ብዙ ከተኮስሁ በኋላ ያወረድሁት አረር ከበደኝ፤ ደረሰልኝ ብዬ ዘንጉን ሳወጣ ምልክቱን አየሁት፣ ከአፈሙዙ በላይ አራት ጣት ቀርቶት ነበር። ያን ዕለት የዳንሁት በዚያ መሥመር ነው። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በጥቂቱ የረጠበ እራፊ በበርሜሉ አወርዳለሁ፤ ጥላሸቱንም ይጠርጋል፣ የተረፈ ፍም ካለም ያጠፋል።

ከብሱኑ የሚቀመጠው ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ በመተኮሻው መሥመር ላይ ቆመው፣ አፈሙዙ ወደ ኢላማው ከዞረ በኋላ ብቻ ነው። የዓይን መከላከያ መነጽርና የጆሮ መሸፈኛ አይርሱ፤ የከብሱኑ ስብርባሪ ወደ ጎን ይፈናጠራል። ባልጩቱን የሚተኩስ ሰው ከሆነም ከቀዳዳው በኩል እሳት ስለሚወጣ በዚያ ጎን ማንም እንዳይቆም ይጠንቀቁ።

ምላጩ ተስቦ ካልተተኮሰ ጠመንጃውን ከትከሻዎ ሳያወርዱ፣ አፈሙዙን ከኢላማው ሳያነሡ ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከሽፏል የተባለው ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላልና። ከዚያ አዲስ ከብሱን ይለውጡ፣ አሁንም እምቢ ካለ የከብሱኑ እሳት የሚያልፍበትን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ያጽዱ። ባሩድ ሳይጨምሩ አረር ማውረድም ያጋጥማል፤ እኔ ከአንድ ጎረቤት ተኳሽ ጋር እያወራሁ ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳፍራል። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው በዘንጉ ጫፍ በሚታሰር ብሎን አረሩን ወግቶ መሳብ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ከብሱኑ ይነሣ፣ በርሜሉ ውስጥ ባሩድ ሊኖር እንደሚችልም ተደርጎ ይያዝ።

ስለ ጽዳቱ የሚወራው የተጋነነ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ወደ ነገ ግን አይተላለፍም። የጥቁር ባሩድ ዝቃጭ እርጥበት ከአየር ስለሚስብ ብረቱን በአንድ ሌሊት ያዝገዋል። በርሜሉ ከእንጨቱ የሚለይ ከሆነ ይለዩት፣ የኋላ ጫፉን በባልዲ ሙቅ ውኃ ውስጥ አቁመው፣ እራፊ የታሰረበትን ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅሱት በቀዳዳው ውኃ እየሳበና እየገፋ ራሱን ያጥባል። ጥቂት ሳሙና ይበቃል። እራፊው ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይቀጥሉ፣ በደንብ ያድርቁት፣ ስስ ዘይት ይቀቡት፣ በማግሥቱም አንድ ንጹሕ እራፊ ያውርዱበት፤ ቡናማ ሆኖ ከወጣ እንደገና ይጠቡት። እጅዎንም ምግብ ከመንካትዎ በፊት በሳሙና ይታጠቡ፣ እርሳስ መርዝ ነው።

እኔ የመጀመሪያ ጠመንጃዬን አንድ ምሽት ደክሞኝ ሳላጥባት አደረች። በበርሜሏ መካከል የቀረው የዝገት ጉድጓድ እስከ ዛሬ አለ፤ እራፊው እዚያ ሲደርስ ያዝ ያደርገዋል።