እናትሽ ሲደውሉ የምትወጪበት ደረጃ

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው። ከጎጃም ገጠር መጥቼ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ባልደረቦቼ የከተማ ልጆች ናቸው። እነሱን ለመምሰል አነጋገሬን ቀየርኩ። በገጠር ሰው ሲቀለድ አብሬ እስቃለሁ። አቅሜ የማይችለው ዕቁብም ገባሁ። እናቴ ጠላ ሸጣ እንዳስተማረችኝ ማንም አያውቅም። ስትደውል ደረጃው ጋ ወጥቼ ነው የማወራት። ባለፈው "ልምጣና ልይሽ" ስትለኝ፣ "ሥራ በዝቶብኛል" ብዬ ዋሸኋት። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። አስመሳይ ሆኛለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ "አስመሳይ" የሚለው ቃል ላንቺ ይከብዳል። አስመሳይ ሰው እናቱን ዋሽቶ አልቅሶ አያድርም።

አነጋገርሽን መቀየርሽ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ከአለቃችን ጋር የምናወራውና ከአብሮ አደጋችን ጋር የምናወራው መቼም አንድ አይደለም። ይሉኝታም ቢሆን ስሙ የከፋውን ያህል ክፉ አይደለም። ለቅሶ ቤት ያደርሰናል፤ ለታላቅ ከመቀመጫችን ያስነሳናል። ነገሩ የሚበላሸው "እንዳይነቃብኝ" እያሉ መኖር ሲጀመር ነው። ስልክሽን ይዘሽ ወደ ደረጃው የምትሮጪው ለባልደረቦችሽ አክብሮት አይደለም፤ ፈርተሽ ነው። የፍርሃትሽን ዕዳ ደግሞ እየከፈሉ ያሉት እናትሽ ናቸው።

ሰሎሞን አሽ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ያደረገው ሙከራ አለ። ተማሪዎች ተሰብስበው የትኛው መስመር ከሌላው እኩል እንደሆነ ይጠየቃሉ። መልሱ በዓይን የሚታይ ነው። ግን ከአንዱ በቀር ሁሉም አስቀድሞ ተነግሯቸው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ሙከራው በብዙ ቡድኖች ሲደጋገም፣ ምንም ካልተነገራቸው ተማሪዎች መካከል ከአራት ሦስቱ ያህል፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚያዩትን ትተው ከብዙኃኑ ጋር ተሳሳቱ። እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ ግን ሌላው ክፍል ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን ሲመልስ፣ እጅ የሚሰጠው ሰው በጣም ቀነሰ። አንድ ሰው!

ስለዚህ ነገ ቢሮ ገብተሽ ሁሉንም ዘርግፊው አልልሽም። አንዷን ምረጪ። በገጠር ሰው ሲቀለድ የማትስቀዋን ልብ ብለሽ ፈልጊያት፤ ማን ያውቃል፣ እሷም የምትደብቀው ይኖራት ይሆናል። ቡና እየጠጣችሁ "እናቴ ጠላ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ" በያት። ማብራሪያ አትጨምሪ። ቀልዱ ሲመጣም መከራከር አይጠበቅብሽም፤ ብቻ አትሳቂ። ከመካከላቸው ፊቷን የምታዞርብሽ ልትኖር ትችላለች። ያማል፣ አልዋሽሽም። ዕቁቡን ደግሞ ይሄ ዙር ሲያልቅ ውጪ። "አቅሜ አይችልም" ማለት ነውር የለውም።

እናትሽ ግን እስክትደፋፈሪ ድረስ መጠበቅ የለባቸውም። ዛሬውኑ ደውይና "እማዬ፣ መቼ ትመጫለሽ?" በያቸው። መልሰው ሲደውሉልሽ፣ እዚያው ወንበርሽ ላይ ሆነሽ አንሺው።