ዘጠኝ ክረምት በደብተር የኖረ ጓሮ

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች በግብርና ባለሙያነት ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ብርሃን ያለው ቤቴ ወጣት አያጣም። አንዱ ከብት ሊያደልብ፣ አንዷ ልብስ ስፌት ልትከፍት አስባ ምክር ይጠይቁኛል። ባለፈው ጥር የመጣው ልጅ አርባ ገጽ የዶሮ እርባታ ዕቅድ በስልኩ አሳየኝ። የአምስት ዓመት ገቢና ወጪ፣ የባንክ ብድሩ ሳይቀር ተሰልቷል። «ዶሮ ይዘሃል?» አልኩት። «ገና ነኝ ጋሼ፤ መጀመሪያ ዕቅዱን ልጨርስ ብዬ ነው» አለኝ። ዕቅዱን ከጀመረ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር።

አልተቆጣሁትም። እኔም ታምሜበት የዳንኩት በሽታ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ጓሮዬን በአፕል ልሞላው አሰብኩ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አፕል ደግሞ ብርድ ይወዳል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ደብተር ገዛሁ። «አና» የሚባለው ዝርያ ብቻውን ሲቆም ፍሬው እንደሚያንስ፣ «ዶርሴት ጎልደን» አጠገቡ ሲተከል ግን እንደሚረዳዱ ጻፍኩ። የችግኞቹን ርቀት በማስመሪያ ሣልኩ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ግን አንድ ያልተጣራ ነገር አላጣም ነበር፤ የአጥሩ ነገር፣ የበጋ ውሃው ነገር፣ የጥላው ነገር። «ለከርሞ ይሁን» እላለሁ። ዘጠኝ ክረምት እንዲህ አለፈ።

ከሁሉ የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። ደብተሩን በገለጥኩ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ወረቀት ላይ የተተከለ ዛፍ አይደርቅም፣ ጎረቤትም አይታዘበውም። ስጽፍ አምሽቼ ስተኛ ቀኑን ሙሉ ስቆፍር የዋልኩ ያህል ልቤ ይረካል። የተራበ ሰው ውሃ ጠጥቶ ሆዱን እንደሚያታልል፣ ለሥራው የነበረኝን ጉጉት በዕቅድ አስታገስኩት። ስንፍና እንዳትሉት፤ ሰነፍ ሰው ዘጠኝ ዓመት ደብተር አይሞላም። ፍርሃት ነበር። ባለሙያ ነኝና ችግኜ ቢደርቅ ሰው ምን ይለኛል የሚል ፍርሃት።

በ2003 ዓ.ም. ሐምሌ ባለቤቴ አራት ችግኝ በጆንያ ጠቅልላ ገባች። «ወይ ትከላቸው፣ ወይ ለጎረቤት ልስጣቸው» አለች። በዚያው ቀን ተከልናቸው፤ ሁለቱን ከላይ ከድንጋይ ካቡ ሥር፣ ሁለቱን ለውሃ ይቀርባሉ ብዬ ከታች ከቦዩ ዳር። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ስወጣ የታችኞቹ ለጋ ቀንበጥ የፈላ ውሃ እንደነካው ጎመን ጠውልጎ ጠቁሯል። የላይኞቹ ምንም አልሆኑም። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርድና እዚያው ይተኛል፤ ካቡ ደግሞ ቀን የሞቀውን ሌሊት ይሰጣል። ይህን ለገበሬ ሳስተምር ነው የኖርኩት። የከተማው ሙቀትና ቅዝቃዜም በየወሩ ደብተሬ ላይ ሰፍሯል። በእኔ ጓሮ ውርጭ የሚተኛበት ጥግ የትኛው እንደሆነ ግን የነገረኝ ያ የተቃጠለ ቀንበጥ ብቻ ነው።

እዚሁ ሰሜን ሸዋ ወደ እነዋሪ ወርዳችሁ የምታውቁ ጥቁር አፈሩን ታውቁታላችሁ። ክረምት ውሃ ቋጥሮ ሰብል ያሰምጣል። የአካባቢው ገበሬ መሣሪያ እስኪመጣለት አልጠበቀም፤ ሴቱም ልጁም ወጥቶ አፈሩን በእጁ እየዛቀ መደብ ያወጣል፣ ውሃው በመሃሉ ቦይ ይጠነፈፋል። ዛሬ በበሬ የሚጎተተውን መደብና ቦይ ማውጫ መሣሪያ፣ ቢቢኤም የሚሉትን፣ የሠሩት ተመራማሪዎች ከዚህ የእጅ ሥራ ተምረዋል። ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብለው መደብ የሚያወጡትን እናቶች ሳይ ያ ደብተሬ ትዝ ይለኛል።

«በሬ ሆይ! ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» እየተባለ ያደገ ሰው ለመጀመር ቢፈራ አይፈረድበትም። ተረቱም እውነት አለው። የቤተሰብ ቤት አስይዞ መበደር ገደል ነው። የአባትን መሬት ሽጦ መነገድም እንዲሁ። መመለሻ የሌለውን ነገር ዓመትም ቢፈጅ አስቡበት፣ ሽማግሌም ጠይቁበት። ግን አራት ችግኝ ገደል አይደለም። በእናት የስፌት መኪና አንድ ቀሚስ ሰፍቶ ለጎረቤት መሸጥም ገደል አይደለም። እኔ ያጠፋሁት ሁለቱን አንድ አድርጌ መፍራቴ ነው።

ያንን ልጅ «አሥር ቄብ ግዛ፤ ብድሩ ይቆይ» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ አሥር ዶሮ ለአርባ ገጽ ዕቅድ አነሰበት መሰለኝ። በሁለተኛው ወር ግን አንድ ቅዳሜ ቡና ሳይፈላ መጣ። መኖው ከሒሳቡ በላይ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅበት ቁጭ ብሎ ዶሮዎቹን ሲያይ ዋለ። ለካ ከሚበሉት እኩል በምንቃራቸው እየጫሩ መሬት ላይ ይበትኑት ኖሯል። የመኖ ገንዳውን በድንጋይ ከፍ አድርጎ ከጀርባቸው ቁመት ጋር ሲያስተካክለው ብክነቱ ቀነሰ። ይህን ሲነግረኝ በእጁ የገንዳውን ቁመት እያሳየ፣ ጫማው ላይ ጭድና ኩስ ተለጥፎ ነበር። ስልኩን ከኪሱ አላወጣም።