ዛቢያው የላላ መጥረቢያ

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት እሠራለሁ። ሰሞኑን አለቃችን ሲጮህ አንዷ ባልደረባዬ «ፍሉ ኦፍ ዘ ሃንድል» (ቃል በቃል «ከእጀታው በረረ») አለች። የየትኛው በር እጀታ ነው? ደግሞስ «ሎስት ሂዝ ሄድ» (ቃል በቃል «ጭንቅላቱን አጣ») የሚሉትን «ራሱን ሳተ» ብዬ ብተረጉመው ያስኬዳል?

መልስ፦ የበር አይደለም፤ የመጥረቢያ ዛቢያ ነው። አባባሉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ እንጨት ፈላጮች ቅርስ ነው። ዛቢያው ከላላ ብረቱ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ማንን እንደሚመታ አይታወቅም። አባቴ መጥረቢያውን ማታ ባልዲ ውሃ ውስጥ ዘቅዝቆ ያሳድር ነበር፤ እንጨቱ አብጦ ብረቱን እንዲጨብጥ። አንድ ቀን ረሳውና ብረቱ የጎረቤታችንን አጥር ጥሶ ገባ። እኔ ዛሬም ይህን አባባል ስሰማ አንገቴን እሰብራለሁ። በአማርኛ «ቱግ አለ» ይበቃዋል። «ደሙ ፈላ» አይሆንም፤ መፍላት ጊዜ ይወስዳል።

«ራሱን ሳተ» ግን አደራዎን! እኛ ዘንድ ራሱን የሳተ ሰው ወድቋል፤ ውሃ ይረጩበታል። የእንግሊዝኛው ሰውዬ ቆሞ ይራወጣል፤ የጠፋው እርጋታው ነው። «የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው» ይበሉት።

ወጥ ቤት ውስጥ ስለሚውሉ አንድ ልጨምር፦ በቁጣ ማበድን «ጎው ፖስታል» (ቃል በቃል «ፖስታ ቤታዊ መሆን») የሚለውን በቀልድ እንኳ አይድገሙት። ከጀርባው በፖስታ ቤቶች የተፈጸሙ ግድያዎች አሉ፤ በ1986 እ.ኤ.አ. በኦክላሆማ፣ ኤድመንድ ከተማ አንድ ሠራተኛ 14 ባልደረቦቹን ገድሏል።