የበግና የፍየል ሌጦ አገፋፈፍ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ቄራ ውስጥ 23 ዓመት ገፍፌያለሁ። በዓል በመጣ ቁጥር ቤት የታረደ በግ ሌጦ ተቀዳዶ ሳይ ያንገበግበኛል። በሬ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ዛሬ በግና ፍየል ብቻ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ ራሱ የሞተ እንስሳ አይገፈፍም። ለሥጋውም ለቆዳውም ቢላዋ አታሳርፉበት።

ጀማሪው፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ለፋሲካ በጉን ራሴ ልገፍፍ አስቤያለሁ። አምና ሌጦው ወንፊት ሆነብኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ወንፊት የሆነው ቢላዋ ስላበዛህ ነው። ቢላዋ ይከፍታል፣ የሚገፍፈው ጡጫ ነው። ይህን ከያዝክ ግማሹን ሥራ ጨርሰሃል።

መጀመሪያ ደሙ ጥንቅቅ ብሎ ይውጣ። ደም የቀረበት ሌጦ ሲለፋ የደም ሥሩ መስመር ይታያል። ከዚያ በጉን በንጹሕ ነገር ላይ በጀርባው አስተኛው። ጠጠር ላይ አትጎትተው፣ ሌጦው በፀጉሩ በኩል ይጫጫራል።

አሁን መክፈት ነው። የቢላዋውን ጫፍ ከቆዳው ሥር አስገባ፤ ስለቱ ወደ ውጭ፣ ወደ አንተ ይይ። ከውስጥ ወደ ውጭ ቅደድ። ከላይ ወደ ታች ከቆረጥክ ፀጉሩን ትቆርጠዋለህ፣ ሥጋውም ላይ ይበተናል። የፊት እግሮቹን ከጉልበት ጀምረህ እስከ ፍርምባው ጫፍ፣ የኋላዎቹን ከቋንጃ በውስጥ በኩል እስከ ፊንጢጣ ክፈት። የመጨረሻው መስመር ከጉሮሮ በሆድ መሐል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። መስመሩ ከጠመመ ሌጦው ቅርጹን ያጣል፣ አንዱ ጎን ሰፊ ሌላው ጠባብ ይሆናል።

ፍርምባውን በጡጫ አላቅ። ከዚያ በቋንጃው ስቀለው። የቋንጃውን ጅማት እንዳትቆርጥ፣ የሚሸከመው እሱ ነው። ሲሰቀል አንድ እጅህ ሌጦውን ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው ተጨብጦ በሌጦውና በሥጋው መካከል ይገባል። ጡጫህ ወደ ሌጦው ይደገፍ እንጂ ወደ ሥጋው አይጫን። ሥጋውን የሸፈነ ስስ ሽፋን አለ፣ እሱ መቀደድ የለበትም። ዝንብ ሲያርፍበት በጉ ቆዳውን የሚያንቀጠቅጥበት ስስ ቀይ ሥጋም አለ። እሱም ከገላው ጋር ይቅር። ሌጦው ላይ ቀይ ነገር ካየህ ጠልቀሃል ማለት ነው፣ ወደ ላይ ተመለስ።

ጎንና ሽንጥ በጡጫ ብቻ። አብዛኛው ቀዳዳ የሚመጣው እዚያ ነው። ጀርባው ላይ ስትደርስ በሁለት እጅ ወደ ታች ሳበው፣ ራሱ ይወርዳል።

ቸኳዩ፦ በስንት ደቂቃ ያልቃል?

መልስ፦ እኔ አንዱን በግ 10 ደቂቃ። አንተ በመጀመሪያው ቀን 40 ቢፈጅብህ ምንም አይደለም። ብቻ ትኩሱን ጀምር። ከቀዘቀዘ ሌጦው ሙጭጭ ይላል፣ ያኔ ነው ሰው ወደ ቢላዋ የሚሮጠው።

የቤት እመቤት፦ ጋሼ፣ የበጉ ሥጋ ፀጉር ፀጉር እየሸተተ ልጆቼ እምቢ ይላሉ። ከበጉ ነው ወይስ ከገፋፊው?

መልስ፦ ከገፋፊው ነው እህቴ። ፀጉር የነካ እጅ ሥጋ መንካት የለበትም። አንድ እጅ ለፀጉር፣ አንድ እጅ ለሥጋ። ከተቀላቀለ መታጠብ ነው። ስለዚህ ውሃና ሳሙና አጠገብ ይኑር። የሚገፈፈው ሌጦ ጠርዝም ወደ ውጭ ይገልበጥ፣ ወደ ሥጋው አይጠቅለል። የምግብ ቧንቧውንና ፊንጢጣውን ማሰርም አትርሺ። ፈርስ ከፈሰሰ ሽታው ከፀጉሩ ይብሳል።

የቆላው ልጅ፦ እኛ ጋ ፍየል ሲሆን እግሩን ቀዶ በአፍ መንፋት ነው። ሌጦው ራሱ ይለቃል። ይህ ሁሉ ጡጫ ለምን?

መልስ፦ ይለቃል፣ አዎ። ግን ከአፍህ የሚወጣው ሁሉ ሥጋው ውስጥ ይገባል። የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሲነፋ አስበው። በአፍ አይነፋም።

የቆላው ልጅ፦ አባቶቻችን ሲነፉ ኖረዋል እኮ፣ ማን ሞተ?

ባለ ሞረዱ፦ በፓምፕ ቢነፋስ? የብስክሌት ፓምፕ።

የቆላው ልጅ፦ ፓምፕ ከየት ይመጣል ገጠር?

ባለ ሞረዱ፦ አንተም ብስክሌት የለህም ማለት ነው?

መልስ፦ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ንጹሕ አየር ከሆነ በፓምፕ ይቻላል። ንጹሕ ካልሆነ ከአፍ አይሻልም። ለቤት ግን ጡጫ ይበቃል።

ባለ ሞረዱ፦ እሺ ጋሼ። ቢላዋው ምን ዓይነት ይሁን?

መልስ፦ ሁለት። ለመክፈቻ ጫፉ ሹል የሆነ። ለቀረው ሆዱ የጎበጠ፣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ። ሹል ጫፍ ለመግፈፍ ከያዝክ መብሳትህ አይቀርም። ሞረድ ቅርብ ይሁን። የደነዘዘ ቢላዋ ኃይል ያስጨምራል፣ ኃይል ሲበዛ እጅ ይስታል።

ስልቻ ወዳድ፦ እኔ የምፈልገው ስልቻ ነው። አያቴ ፍየሏን ሆዷን ሳይቀዱ ከኋላ ጀምረው ሙሉውን እንደ ካልሲ ያወጡት ነበር።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ፣ ይህን ሙያ የሚጠይቅ ሰው ጠፍቷል! ፍየሉ ይሰቀላል። ከአንዱ ቋንጃ በታፋው ውስጥ አልፎ እስከ ሌላው ቋንጃ አንድ መስመር ብቻ ትከፍታለህ። ከዚያ ሆዱን ሳትነካ በጡጫ ዙሪያውን እየገፋህ ወደ ታች ትገለብጠዋለህ። ብሽሽትና እንብርት አካባቢ ቆዳው ስስ ነው፣ ቀስ በል። ብብት ላይ ስትደርስ እግሩን ከውስጥ ወደ ኋላ ስበህ አውጣ። አንገት ላይ ክብ አድርገህ ቁረጥ። እዚህ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብትኖር ስልቻው እህል አይዝም፣ ውሃማ አይታሰብም።

ነጋዴው፦ ፋብሪካ ግን በስልቻ የወጣ አይፈልግም። ተከፍቶ የተዘረጋ ነው የሚፈልገው። ሰውን አታሳስቱ።

ስልቻ ወዳድ፦ ማን ለፋብሪካ አለ? ለቤቴ ነው።

ነጋዴው፦ ሰው አንብቦ ሌጦውን ይዞ ይመጣና እኛ ጋ ይጣላል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ለሽያጭ ከሆነ ክፈተው፣ ለስልቻ ከሆነ አትክፈተው። ይብቃ።

የደጋ አርቢ፦ ላት ያለው በግ ላይ እቸገራለሁ። ላቱ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ይቀደዳል።

መልስ፦ እዚህ ቦታ ብቻ ቢላዋ ይፈቀዳል። ላቱን ከሥር፣ ፀጉር በሌለበት በኩል፣ በመሐል ክፈተው። ስለቱን ወደ ጮማው አዙር። ጮማው ቢቆረጥ ይበላል፣ ቆዳው ቢቆረጥ አይጠገንም።

የደጋ አርቢ፦ አመሰግናለሁ ጋሼ። ሌላም አለኝ። ቀዳዳ የሌለው ሌጦ አምጥቼ ነጥብ ነጥብ አለበት ተብሎ ደረጃው ወረደ።

መልስ፦ እከክ ነው። የአገፋፈፍ ጥፋት አይደለም። ቅማልና የበግ መዥገር በሕይወት ሳለ የሚያመጡት ነው፣ ፀጉሩ ሲነሳ ነው የሚታየው። መፍትሔው ከመታረዱ በፊት ነው፣ የእንስሳት ሐኪም የሚያዘውን ፀረ ተባይ በወቅቱ ማስረጨት። የደጋ በጋችን ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት የሚፈለግ ነው። የባቲ ፍየል ሌጦም ስሙ በውጭ ገበያ የታወቀ ነው። ይህን ቆዳ ቅማል ሲበላው ማየት ያሳዝናል።

ቸኳዩ፦ ሌጦ ዋጋ የለውም እኮ አሁን። ሰው መንገድ ላይ እየጣለው አይደል?

ነጋዴው፦ ጥሬ ቆዳ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በ2000 ዓ.ም. 150 በመቶ ቀረጥ ሲጣል ገዢው የአገር ውስጥ ፋብሪካ ብቻ ሆኖ ነበር። ፋብሪካ ሲቀዛቀዝ ዋጋ ይወድቃል።

ባለ ሞረዱ፦ ቀረጡ ፋብሪካ እንዲስፋፋ ታስቦ ነው።

መልስ፦ የዋጋ ጥያቄ እኔን አይመለከትም። የምነግራችሁ፣ የተቀዳደደ ሌጦ በማንኛውም ዋጋ አይሸጥም።

የቤት እመቤት፦ ገዢ እስኪመጣ እንዴት ላቆየው?

መልስ፦ ጨው። መጀመሪያ የተንጠለጠለ ሥጋና ሞራ አንሺለት። ደሙን ጥረጊው። ጥላ ውስጥ ዘርግተሽ ይቀዝቅዝ፣ ጠቅልለሽ በፌስታል አትክተቺው፣ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ከዚያ በ4 ሰዓት ውስጥ የሥጋውን ፊት ወደ ላይ አድርገሽ ጨው ነስንሺ። መጠኑ የሌጦው ክብደት ግማሽ ያህል ነው። 2 ኪሎ ከሆነ 1 ኪሎ። ጠርዙንና እግሩን አትርሺ፣ ብስባሴ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፀጉሩን ስትስቢው እየተነቀለ ከመጣ አልፏል። ፀሐይ ላይ መሬት አንጥፎ ማድረቅ አይሆንም፣ ቆዳው ይቃጠላል።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ሌጦው ለምንድነው የሚቀደድብኝ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ቢላዋ ይከፍታል፣ ጡጫ ይገፍፋል። ጎንና ሽንጥ ላይ ቢላዋ አታስገባ።

አዲስ ገቢ፦ ቢላዋዬ ጥሩ ነው ግን።

መልስ፦ ጥሩ ቢላዋ ጥሩ አድርጎ ይቀዳል። አንብብ ወንድሜ፣ ሁሉም ተጽፏል።

ፍየል ጠባቂ፦ ጋሼ፣ የኔ አጭር ናት። ዛሬ ጠዋት አንዷን ፍየል ሞታ አገኘኋት። ማታ ደህና ነበረች። ሥጋዋን አልበላም፣ ሌጦዋን ብቻ ልገፍፍ ነው። ትንሽ ደርቃለች፣ እንዴት ላላቃት?

መልስ፦ ቢላዋውን አስቀምጥ። ነክተሃታል? ከአፍንጫዋ ወይም ከኋላዋ ደም ወጥቷል?

ፍየል ጠባቂ፦ ትንሽ ጠቆር ያለ ደም አለ አፍንጫዋ ላይ። አልረጋም። አልቀደድኳትም ገና።

መልስ፦ አትቅደዳት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ድንገት የሞተ፣ የማይረጋ ደም የወጣው፣ ይህ ምልክቱ ነው። ገላዋ ከተከፈተ ጀርሙ አየር ሲያገኝ ዘር ሠርቶ አፈር ውስጥ አሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። ጨውም አይገድለውም። እጅህ ላይ ጭረት ካለ ይገባብሃል። አሁኑኑ እጅህን በሳሙና ታጠብ። የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥራ። ውሾቹን እሰር፣ ሌሎቹን ፍየሎች ከቦታው አርቅ።

የቆላው ልጅ፦ የኛ ሰፈር ላይ እንዲህ የሞተ ገፍፎ እጁ ላይ ጥቁር ቁስል የወጣበት ሰው አለ። ሐኪም ቤት ገብቶ ነው የዳነው። እውነቱን ነው ጋሼ።

ፍየል ጠባቂ፦ እሺ። ታጥቤያለሁ። ውሻውን አስሬያለሁ። ባለሙያው ከሰዓት እመጣለሁ ብሏል።

መልስ፦ እስኪመጣ እሾህ አጥርባት፣ ልጆች እንዳይጠጉ። በሚቀጥሉት ቀናት ትኩሳት ወይም እጅህ ላይ ብጉር ቢጤ ካየህ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ሂድ፣ የሞተች ፍየል ነክቼ ነበር ብለህ ንገራቸው። ባለሙያው ሲመጣ ያለህን ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።